የልጆች አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥ? እስቲ እንከራከር

የናቲ እናት፦ ትናንት ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ አጣሁ። ሁሉም "ማዘዣ አምጪ" አሉኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያስለዋል፣ ንፍጡም ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ክረምት እንዲሁ አሞት ያንኑ ሽሮፕ ሰጥቼው በአራተኛው ቀን ዳነ። አሁን ለጉንፋን ብዬ ካርድ ላወጣ፣ ልሰለፍ፣ ከሥራ ልቅር? ይሄ ሕግ የኛን ኑሮ አያውቀውም ባይ ነኝ። ከተሳሳትኩ አስረዱኝ።

ፋርማሲስቱ፦ ከባንኮኒው ጀርባ የምቆመው እኔ ነኝ። እህቴ፣ ያዳነው ሽሮፑ ነው ወይስ አራቱ ቀን? ጉንፋን የቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይነካም። ንፍጥም ጉንፋን ሲሰነብት ቢጫ ይሆናል፣ እሱ ብቻውን ምንም አይልም። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ እኔ ስመልስሽ ከመንገዱ ማዶ ያለው ይሸጥልሻል፣ ደንበኛዬንም ይዞብኝ ይቀራል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ዶክተሩስ? ባለፈው ወር ትንሿን የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ደረቷን እንኳ ሳያዳምጥ አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ካርድ ከፍዬ፣ ላቦራቶሪ ከፍዬ ይዤ የወጣሁት የናቲ እናት የፈለገችውን ያንኑ ሽሮፕ ነው። ማዘዣ ማለት ማኅተም ያረፈበት ግምት ከሆነ፣ መገመቱ እኔንም አያቅተኝም።

ፋርማሲስቱ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ደግሞ ግልባጩ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ጆሮዋን አሟት ስታለቅስ አደረች። ሐኪሟ አየቻትና "ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅ" ብላ በማስታገሻ ሸኘችን። ተናድጄ እማዬ ጋ ስደውል "አሜሪካ መድኃኒት ጠፋ እንዴ?" አለችኝ። ካገር ቤት ያመጣሁት ካፕሱል ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፣ ከፍቼ በጥብጬ ልሰጣት ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው ቀን ተሻላት።

ሲስተር፦ እናት ሽሮፕ የምትገዛው የሳንባ ምች ፈርታ ነው። ፍርሃቷ ደግሞ ልክ ነው፣ ልጅ ይገድላል። ግን እሱ የሚለየው በንፍጥ ቀለም አይደለም። ልጁ ረጋ ሲል ልብሱን ገልጠሽ፣ ደረትና ሆዱን እያየሽ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል፣ ይዘሽው ነይ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይ ከፈዘዘ ግን ቁጥር አትጠብቂ፣ ሩጪ። ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህንኑ ቆጥረው፣ ምች ከሆነ አሞክሲሲሊን እዚያው ይሰጣሉ።

የሦስት ልጆች አባት፦ በይ እንግዲያው እኛም ቆጥረን እንግዛ!

ሲስተር፦ አይ ወንድሜ። መጠኑ በክብደት ነው። በሻይ ማንኪያ ሲለካ፣ ልጁ ሲሻለው ግማሹ ፍሪጅ ገብቶ ከወራት በኋላ ለታናሹ ሲሰጥ ስንቱን አይቻለሁ! ሽሮፑ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ዕድሜው አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ የሰጋው ይሄንኑ ነው። ሰው ከሱቅ ገዝቶ አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል ብሎ። የተላመደ ጀርም ደግሞ እናንተ ቤት ብቻ አይቀርም፣ ጎረቤት ይሄዳል።

ዝም ብዬ ሳነብ የቆየሁ፦ ሁሉንም ጉንፋን ነው ብላችሁ አታቅልሉት እንጂ። የአክስቴ ልጅ በልጅነቷ ቶንሲል ይመላለስባት ነበር፣ ዛሬ የልብ ሕመምተኛ ናት።

ሲስተር፦ ልክ ነሽ። በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል ሳይታከም ሲቀር ልብ ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ እሱ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ጉሮሮ ሳይታይ ግን ቤት ሆኖ አይለይም።

የናቲ እናት፦ ተኝቶ ቆጠርኩት። ሁለቴ። መጀመሪያ 31፣ ቀጥሎ 33። ደረቱም አይሰረጉድም። ለዛሬ ሽሮፑን ትቼዋለሁ። የወረፋው ነገር ላይ ግን ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም።

ሲስተር፦ ጠዋት ሲነሳ ድገሚው።