በረሃ ላይ ድንኳን ተክለን ለማደር ምን እናሰናዳ? (ከሳን ይሲድሮ)

የሁለት ልጆች እናት፣ ሳን ይሲድሮ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከዳላስ ወደ ሳን ይሲድሮ ከመጣን አራት ወር ሆነን። ከበረንዳችን ሆነን ከድንበሩ ማዶ ያለችው የሜክሲኮ ከተማ የቲዋና መብራት ይታየናል። ልጆቼ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው፤ ጓደኞቻቸው ድንኳን ውስጥ ስለ ማደር ሲያወሩ ሰምተው እኛንም ውሰዱን እያሉ እንቅልፍ ነሥተውናል። በዲሴምበር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አንዛ-ቦሬጎ በረሃ ሄደን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። እኔም ባለቤቴም ድንኳን ተክለን አናውቅም።

ጎረቤታችን «ጎማችሁን ማዶ ተሻግራችሁ ቲዋና ቀይሩት፣ ይረክሳል፤ የልጆቹንም መድኃኒት በዚያው ትገዛላችሁ» ይለናል። ጥገኝነት ጠይቀናል፤ የሥራ ፈቃድ አለን፤ ጉዳያችን ግን ገና አልተወሰነም። ለግማሽ ቀን ደርሶ መመለስ ችግር አለው? በመንገዱ ላይ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ምን ይዘን እንሂድ? ደግሞም ጾመ ነቢያት ነው፤ በረሃ ላይ ምን እንበላለን?

አስተርጓሚ፣ ሳን ዲዬጎ፦

እህቴ፣ በምንም ምክንያት ቲዋና አትሂዱ። ጎረቤትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሱ ዜጋ ከሆነ ለእሱ መንገዱ ክፍት ነው። የእናንተ ግን የተለየ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው አስቀድሞ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። የሥራ ፈቃድ መሥራት ያስችላል እንጂ ድንበር አያስመልስም። ለግማሽ ቀን ብሎ የተሻገረ ወንድም ቤተሰቡ እዚህ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ሲያለቅስ በስልክ አስተርጉሜለታለሁ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ኬላው፦ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው የውጭ አገር ዜጋ የምዝገባ ማስረጃውን ሁልጊዜ ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ዋናውን የሥራ ፈቃድ ካርድ ያዙ፤ የጥገኝነት ማመልከቻችሁ መድረሱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ቅጂና የልጆቹንም ወረቀት ጨምሩ። የጠበቃችሁን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉት፤ በረሃው ውስጥ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ከጉዞው በፊት ለጠበቃችሁ ደውላችሁ መንገዱን ንገሩት። «ቆዩ» ካላችሁ ስሙት። ቦኒታ ውስጥ ያለው የስዊትወተር ሰሚት መናፈሻም ድንኳን ይተከልበታል፤ ከቤታችሁ ቅርብ ነው፣ ኬላም አያገናኛችሁም። ለልጆች ድንኳን ድንኳን ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር፣ ኤል ካሆን፦

አስተርጓሚው ባለው ላይ አንድ ልጨምር። ለመሻገር ሳያስቡ የሚሻገሩም አሉ። ድንበሩ ሥር ካሉት የገበያ መደብሮች ለልጆች የሙቀት ልብስ ልትገዙ በኢንተርስቴት 5 ወደ ደቡብ ስትነዱ «የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ» የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ ካሚኖ ዴ ላ ፕላዛ ነው። እሱን ካለፋችሁ መንገዱ የሚወስደው ሜክሲኮ ነው። ሌሊት ከሆነና መንገዱን ካልለመዳችሁት ባለቤትሽ ይንዳ፣ አንቺ ምልክት አንብቢለት።

ወደ በረሃው ስትሄዱ በኢንተርስቴት 8 ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ ኦኮቲዮ ላይ ወደ ኤስ-2 መንገድ ትታጠፋላችሁ። ስትመለሱ ኬላ ይገጥማችኋል፤ ፓይን ቫሊ አጠገብ፣ ወደ ምዕራብ በሚሄደው መሥመር ላይ። ነዳጅ አልፓይን ላይ ሙሉ። የጎማውን ነገር እዚሁ ጨርሱ፤ ትርፍ ጎማውም ነፋስ እንዳለው ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ፤ ለአራት ሰው ለሦስት ቀን 48 ሊትር መሆኑ ነው። ብዙ መስሎ ቢታያችሁም አትቀንሱ። ድንኳኑንም ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትትከሉ፤ አሸዋው ለጥ ያለና የሚያምር ቢሆንም ዝናብ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

እናት፣ ሲቲ ሃይትስ፦

ልጄ፣ የጾም ምግብ ለመንገድ የተፈጠረ ነውና አትጨነቂ። ቁሌቱን እቤትሽ ሠርተሽ በጠርሙስ ያዢ፤ እዚያ ውሃ ጨምረሽ ሲፈላ ሽሮውን መበተን ብቻ ነው። እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልለሽ በላስቲክ አድርጊው እንጂ ከበረዶው ጋር አታስቀምጪው፤ ይደርቅና ይሰባበራል። ለሁለተኛው ቀን ድርቆሽ ያዢ፣ ፍርፍር ይሆንልሻል። በሶና ቆሎ ደግሞ እሳትም አይጠይቁ። ቡናውን ቆልተሽ ፈጭተሽ ሂጂ፤ ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ ይጣዳል።

ከሰል ከያዝሽ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ አንጀትሽ አይችልም። ቢሆንም ፍሙን ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ። በአገራችን የከሰል ጭስ ስንቱን ተኝቶ እንዳስቀረ ታውቂያለሽ፤ ድንኳን ደግሞ ከጠባብ ክፍል የባሰ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም አንጥፊላቸው፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው።

በየዓመቱ የሚሄድ፣ ላ ሜሳ፦

በኤስ-2 መንገድ ላይ ያለውን አጉዋ ካሊየንቴ የሚባለውን የካውንቲ መናፈሻ እመክራችኋለሁ። ስሙ በስፓኒሽ ሙቅ ውሃ ማለት ነው፤ እውነትም ፍል ውሃ አለው። ለጀማሪ መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ ያለበት ቦታ ይሻላል። በክረምት ቅዳሜና እሑድ ስለሚሞላ አሁኑኑ ቦታ ያዙ። እሳት የሚነደው በተዘጋጀው የብረት ቀለበት ውስጥ ነው፤ ከበረሃው እንጨት መልቀም ክልክል ነውና ገዝታችሁ ሂዱ።

ማበጠሪያም አትርሱ። ቾያ የሚባል ቁልቋል አለ፤ ጠጋ ያለ ልጅ ልብስና ቆዳ ላይ እሾሃማ ቁራጩ እንዳለ ይጣበቃል። በእጅ ከነካችሁት እጃችሁን ይይዛል፤ ማበጠሪያውን ከሥሩ አስገብታችሁ ፈንጥሩት።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሳን ይሲድሮ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቲዋናው ነገር ቀርቷል፤ ባለቤቴ መልሱን ሲያነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ጠበቃችንን ሰኞ እንጠይቃለን። እስከዚያ ድንኳኑን ገዝተን እንቆይ ወይስ እንጠብቅ?

የከባድ መኪና ሾፌር፣ ኤል ካሆን፦

ግዙት። ቦኒታም ሆነ በረሃው፣ ያስፈልጋችኋል። ዛሬ ማታ ሳሎን ውስጥ ዘርግታችሁ አቁሙት፤ ልጆቹ እዚያው ይደሩበት። የጎደለ ካስማ ቢኖር ሱቁ ሳይርቅ ይታወቃል።