ለውሃ መሳቢያ ሞተሬ የትኛው ዘይት ይስማማዋል? ቤንዚኑንስ እንዴት ላስቀምጠው?

በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ልምድ ያላችሁ ባለሙያዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አዳማ አቅራቢያ ከአዋሽ ወንዝ ውሃ እየሳብኩ ሽንኩርት አለማለሁ፤ የምጠቀመውም 6.5 የፈረስ ጉልበት ባለው፣ ባለአራት ምት የቤንዚን ፓምፕ ነው።

ፓምፑ በጋውን ሙሉ ሲሠራ ይከርምና ከሰኔ እስከ መስከረም ይቆማል። ባለፈው ክረምት ቤንዚኑን ታንከሩ ውስጥ እንዳለ ትቼው ስለነበር፣ በጥቅምት የማስነሻ ገመዱን ደጋግሜ ብስበውም አልነሳ አለኝ። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ሲፈታ ማር የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ከሥሩ ተጋግሮ የጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን) ቀዳዳ ደፍኖት አገኘነው፤ በጄሪካን ያስቀመጥኩት ቤንዚንም ሽታው ተለውጦ ነበር። ችግኙ በዚያ ሳምንት ውሃ አጥቶ ሲጠወልግ ማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘይቱን በተመለከተ አንዱ መካኒክ 10ደብሊው-30 የተባለውን የውፍረት ደረጃ ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ ለአዳማ ሙቀት ይህ ስለሚቀጥን ኤስኤኢ 30 ይሻላል ይላል። ሞተሩ የሚይዘው 0.6 ሊትር ያህል ብቻ በመሆኑ ዋጋው አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ በቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ስለሚውል፣ ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን ባወጣሁ ቁጥር ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ማግኘቴ ነው። አሁን የምጠቀመው 10ደብሊው-30 ነው።

ወደ ኤስኤኢ 30 ብቀይር የዘይት መብላቱ ይቀንስ ይሆን፣ ወይስ የፒስተኑ ቀለበት አልቆ ነው? ዘይቱንስ በስንት ሰዓት ሥራ ልቀይረው? ለመጪው ክረምትስ ታንከሩንና ካርቡሬተሩን ጨርሶ ማድረቅ ይበቃል? በጥብቅ የተከደነ ቤንዚን በጥላ ሥር ስንት ሳምንት እንደሚቆይም የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።