ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ፖርት 4፦ ራውተሩ ነው ወይስ ኬብሉ?

ጠያቂዋ፣ ከሐይቁ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ትንሽ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን እሠራለሁ፤ ኔትወርኩንም የማየው እኔው ነኝ። ባለ 5 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ራውተር አለን። ኢንተርኔቱ በፖርት 1 ይገባል፤ ከ2 እስከ 5 ያሉት አንድ ብሪጅ ውስጥ ናቸው፤ ማለትም እንደ አንድ ኔትወርክ ይሠራሉ። ከፖርት 4 የሚነሳው ኬብል ግቢውን በአየር አቋርጦ ውሃው አጠገብ ካለው የኋላው ቤት ስዊች (የኔትወርክ መስመር ማከፋፈያ) ይደርሳል፤ 60 ሜትር ገደማ ነው።

ይሄ ፖርት 4 አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። መብራቱ ድርግም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ብሶበታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንግዶች ቁርስ ሳይቀምሱ “ዋይፋይ የለም” ይሉኛል፤ 5 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ደህና ይሆናል። ራውተሩን ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፣ ለውጥ የለም። ፖርቱ ተቃጥሎ ይሆን? ባለቤቶቹን አዲስ ግዙ ልበላቸው?

ከፔዳ፦
እህቴ፣ ለመግዛት አትቸኩዪ። ማጥፋት ማብራቱም ይቅር፤ ባጠፋሽው ቁጥር፣ መስመሩ ስንቴ እንደጠፋ የሚይዘው የፖርቱ ቆጣሪ ወደ 0 ስለሚመለስ ማስረጃሽ አብሮ ይጠፋል። ነገ ጠዋት ልክ ሲጠፋ የፖርት 3ንና የፖርት 4ን ኬብል አቀያይሪያቸው። ሁለቱም ያው ብሪጅ ውስጥ ስለሆኑ ሴቲንግ መንካት አያስፈልግም። ችግሩ ወደ 3 ከዞረ ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከወዲያኛው ስዊች ነው፤ 4 ላይ ከቀረ ፖርቱ ነው። 5 ሰዓት ላይ ብታቀያይሪ ግን ምንም አይነግርሽም።

ፍጥነቱንም እዪ። ራውተሩ ማይክሮቲክ የሚባለው ከሆነ፣ ዊንቦክስ በሚባለው ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይ ኤተርኔቱን ስትከፍቺ ሬት (የመስመሩ ፍጥነት) እና ሊንክ ዳውንስ (ስንቴ እንደጠፋ) ይታያል። የ100 ሜጋ ፍጥነት ኬብሉ ውስጥ ካሉት 8 ሽቦዎች 4ቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6ን። 1 ጊጋ (1000 ሜጋ) 8ቱንም ይፈልጋል። ጊጋ የነበረ መስመር ወደ 100 ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሽቦ ለቋል ማለት ነው።

ከፖሊ፦
ሉፕም (ዳታው በክብ የሚዞርበት ችግር) ሊሆን ይችላል። የኋላው ቤት እንግዳ አንዱን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ስዊቹ ላይ ሰክቶት እንደሆነ ሉፕን የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ፖርቱን ይዘጋዋል።

ከፔዳ፦
ወንድሜ፣ በሉፕ ሲዘጋ ዳታው ነው የሚቆመው፤ መብራቱ እንደበራ ይቆያል። እሷ መብራቱ ራሱ ይጠፋል ነው ያለችው። ያ ከብሪጁ በታች ነው፤ ሽቦ፣ ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ሶኬት) ወይም ፖርት።

ከሽምብጥ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦
ልጄ፣ 5 ሰዓት ላይ የሚጠግንልሽ ፀሐይ ነው። ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት ሌሊቱን ኬብሉ ላይ ያድራል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ቁልቁል ይወርዳል። ሄደሽ የኋላውን ቤት ጫፍ ነቅለሽ እዪው። ኬብሉ ወደ ሳጥኑ ሲገባ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ነው ወደ ላይ መመለስ ያለበት፤ ውሃው እዚያ ጎንበስ ያለበት ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ከገባ ግን ውሃውን ራሱ ኬብሉ ነው የሚያስገባልሽ።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ጠዋት እንደጠፋ አቀያየርሁ። ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ፖርት 3 ላይ ወጣ፤ ፖርት 4 ላይ የሰካሁት የሪሴፕሽኑ ፕሪንተር ምንም አልሆነ። ሬቱ 100 ሜጋ ይላል። ከዚያ ጋሼ እንዳሉኝ የኋላው ቤት ሄድሁ። ኬብሉ ከጣሪያው ቀጥ ብሎ ወርዶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ኮኔክተሩን ስነቅለው ጠብታ ውሃ እጄ ላይ ወረደ። ከወርቃማዎቹ ጥርሶች ሦስቱ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ አንዱን በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር ክሪምፕ ባደርግበት (ጨምቄ ብገጥምበት) ይበቃል?

ከፔዳ፦
ስትቆርጪው ሽቦዎቹን እዪ። መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ ኬብሉ ይቀየር። የቤት ውስጡን ኬብል ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ ለውጭ የተሠራውን ጥቁሩን ግዙ። ሙሉ መዳብ መሆኑንም ሱቁ ውስጥ አረጋግጪ፦ ሽቦውን በምላጭ ስትፍቂው ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ አትውሰጂው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።

ከሽምብጥ፦
በአየር የሚያልፍ መዳብ መብረቅም ይጋብዛል፣ የእኛን ክረምት ታውቂዋለሽ። አቅም ሲኖራቸው በሁለቱ ቤቶች መካከል ፋይበር ይዘርጉ። እስከዚያው ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር ያን ኬብል ንቀዪው፤ ነጎድጓድ ከተሰማሽ በኋላ ግን አትንኪው።

ጠያቂዋ፦
ሽቦው እጅ በሚያህል ርቀት ጠቁሮ ነበር፤ ኬብሉን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው፣ መግቢያው ላይም ጎንበስ አድርገን አሰርነው። ወደ ፖርት 4 መልሼ ሰክቼዋለሁ። 3 ሌሊት አደረ፤ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። ሬቱ 1 ጊጋ ነው፤ ከሰካሁት ወዲህ ሊንክ ዳውንስ ምንም አልጨመረም። ጋሼ፣ የፔዳው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።