«የመጀመሪያው ባለጉዳይ ብቻ»

የጠባሴው፦ ትናንት ደብረ ብርሃን በተጠራው የአባላት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሲስተም በየቀኑ ለምን እንደሚጠፋ ሲጠየቁ ኃላፊው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አካባቢያችን ተራራማ ስለሆነ ከክላውድ (በኢንተርኔት ከምንጠቀምባቸው የሩቅ ኮምፒውተሮች) ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል።» የጣርማ በር ተራራ ትናንት የበቀለ ይመስል! ለማጽናኛም ጨመሩልን፦ «ደግሞ የሚቸገረው ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ብቻ ነው።» አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ የተናደድኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

የቀድሞ መስኮት 3፦ አራት ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ተራራውን ተዉት። የመግቢያው ገጽ ወዲያው ይከፈታል፤ አርማው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአባሉን ቁጥር ጽፌ ፈልግ ስለው ነው ያ ክብ መዞር የሚጀምረው። አንድ ቀን በግድግዳው ሰዓት ያዝኩት፤ ከ7፡30 እስከ 7፡46 ዞረ። ፊቴ የቆሙት እናት «ልጄ፣ እየቆጠረ ነው?» አሉኝ። «አዎ እናቴ» አልኳቸው። ምን ልበል?

የሌሊት ተረኛ፦ ይህ ምስክርነት ተራራውን ነጻ ያወጣል። ከመስኮቱ እስከ ፕሮግራሙ ያለው መስመር ቢበጠስ ኖሮ ገጹም ባልተከፈተ። የተበጠሰው ከፕሮግራሙ እስከ ዳታቤዙ (የአባላት ሒሳብ እስከተከማቸበት) ያለው ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ውጭ አገር ናቸው፤ የእኛን ገደል አያውቁትም። ፕሮግራሙ በየጥያቄው አዲስ ግንኙነት ላለመክፈት ጥቂቶችን ከፍቶ ያቆያል። በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ያለው አስተላላፊ መሣሪያ ግን ወሬ የማያልፍበትን ግንኙነት ከመዝገቡ ይሰርዛል። ከእነዚህ አስተላላፊዎች አንዱ፣ የማይክሮሶፍት ክላውድ (አዙር) ሎድ ባላንሰር፣ ማስተካከያው ካልተለወጠ 4 ደቂቃ ይታገሣል፤ የአማዞኑ፣ ናት ጌትዌይ የሚባለው፣ 350 ሰከንድ። የምሳ ዕረፍታችን 1 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊነክስ በበኩሉ፣ ማስተካከያው ካልተለወጠ፣ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከ7,200 ሰከንድ (2 ሰዓት) በኋላ ነው፤ ያውም ፕሮግራሙ ጠይቅ ካለው። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ዝም ያለን ደንበኛ፣ ካልተለወጠ፣ 28,800 ሰከንድ (8 ሰዓት) ይጠብቃል። እንግዲህ ዳርና ዳር ያሉት እንደተያያዙ ያምናሉ፤ መካከለኛው ረስቷቸዋል። ከምሳ በኋላ ፕሮግራሙ በሞተው ግንኙነት ይልካል፤ መልስ ሲያጣ ይደጋግማል፤ ሊነክስ ተስፋ እስኪቆርጥ 15 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። የግድግዳው ሰዓት አልዋሸም።

የራሳችን ልጆች፦ ፕሮግራሙን የሠሩት እዚሁ ተምረው የወጡ የራሳችን ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ሠርቶት ቢሆን ይህን ያህል ባልጮኻችሁ። ኃላፊውም አልዋሹም፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የሚቸገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የሞላሌ ልጅ፦ «ብቻ» ያልካት እናቴ ናት። ከሞላሌ ሌሊት ተነሥታ፣ መኪና ለውጣ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ አንደኛ ሆነች። «ሲስተም የለም» ተባለች። የገዛ ገንዘቧን ሳታገኝ ከሰው ተበድራ አልጋ ይዛ አደረች። አሁን «ብቻ» በል እስቲ።

የራሳችን ልጆች፦ እናትህን አላልኩም። ብዙው ሰው ይስተናገዳል ማለቴ ነው።

የሞላሌ ልጅ፦ ብዙው አላልክም፤ «ብቻ» ነው ያልከው። ኃላፊውም ያሉት እሱን ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ ስሌቱም ቢሆን ልክ አይደለም። ፕሮግራሙ 10 ግንኙነት ከፍቶ የሚያቆይ ከሆነ ምሳ ላይ የሚሞቱት አሥሩም ናቸው። አንደኛው ባለጉዳይ አንዱን ሬሳ ያነሣል፤ ሁለተኛው ሌላውን።

የራሳችን ልጆች፦ ኮዱን አይተውታል? አላዩትም። 10ን ከየት አመጡት?

የሌሊት ተረኛ፦ አላየሁትም፤ «ከሆነ» ብያለሁ። እርስዎ ዘለሉት።

የቀድሞ መስኮት 3፦ ቁጥሩን አላውቅም። ሦስታችንም መስኮቶች አንድ ላይ እንቆም ነበር፤ «ብቻ» ግን አልነበረም።

ሸዋ ሮቢት ሜዳው፦ ለምን ሰርቨሩን ወደ ደብረ ብርሃን አናመጣውም? 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል? ሲበርደው ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያው አለላችሁ።

የጠባሴው፦ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ተቀምጠህ በብርዳችን አትቀልድ። መብራት ሲጠፋስ?

ሸዋ ሮቢት ሜዳው፦ ጄኔሬተር አላችሁ አይደል?

የጠባሴው፦ አለን። በላዩ ላይ ዶሮ ያድርበታል።

የሌሊት ተረኛ፦ ብታመጡትም በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ፋየርዎል (የኔትወርክ ዘበኛ) ካለ ያው ነው። ቅርብ ያለም ይረሳል።

የራሳችን ልጆች፦ ለማንኛውም ልጆቹ መፍትሔ አዘጋጅተዋል። ካልተሳካ ፕሮግራሙ ራሱ እንደገና ይሞክራል።

የሌሊት ተረኛ፦ እንዲህ በደፈናው ከሆነ ይብሳል። ገንዘቡ ተመዝግቦ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር፣ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ከሌለው ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ይመዘግበዋል። በየ60 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» ይበል፤ ግንኙነቱን ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊትም በሕይወት መኖሩን ያጣራ። የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

የሞላሌ ልጅ፦ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብላት እናቴ ማኅበሩን ትመርቅ ነበር።

የቀድሞ መስኮት 3፦ ወጪውም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ወንድሜ።

የራሳችን ልጆች፦ የጥቂት መስመር ሥራ ከሆነ ለምን መጥተው አይሠሩትም?

የሌሊት ተረኛ፦ ማን ጠራኝ?

የጠባሴው፦ ኃላፊው የጠሩት ተራራውን ነው።

የሞላሌ ልጅ፦ እናቴ ሰኞ ትመለሳለች። ከምሳ በኋላ በእሷ ፋንታ አንደኛ የሚሰለፍ ካለ ይንገረኝ።

የራሳችን ልጆች፦ እኔ እሰለፋለሁ። ሩብ ሰዓት መቆም አይገድለኝም።

የቀድሞ መስኮት 3፦ ዘጠኝ ሰው አስከትለህ ና።