አንድ አካውንት ለአራት መጠቀም ችግር አለው?

ተርጓሚዋ
ሰላም ሰዎች። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ውክልና ምናምን። ለአራት ሆነን አንድ የሚከፈልበት ኤአይ እንጠቀማለን። የዶላር ካርድ ስለሌለን የአንዷ ወንድም አሜሪካ ሆኖ ይከፍልልናል፣ እኛ ለእናቱ በብር እንሰጣለን። ትናንት ማታ የድሮ ቻት ስፈልግ የማላውቀው ርዕስ አየሁና ከፈትኩት፤ የጓደኛዬ የፍቺ ጉዳይ! ቶሎ ዘጋሁት። ግን ያኔ ነው የነቃሁት፣ የኔ ደንበኞች ስምና ፓስፖርት ቁጥርም እዚያው ተደርድሯል። ስንመዘገብ «እስማማለሁ» ብለን አለፍን እንጂ ደንቡን ያነበበ የለም። ለመሆኑ ይፈቀዳል? ባጠፋውስ ይጠፋል?

ቡና በጀበና
አይፈቀድም። ቻትጂፒቲ ከሆነ ደንቡ አካውንትሽን ለሌላ ሰው አትስጪ ይላል። ደግሞ አስቢው፣ አንዷ የተከለከለ ነገር ብትጠይቅበት የሚዘጋው አካውንቱ ነው፤ ማን እንደጠየቀ ማን ያጣራል? አራታችሁም ውጭ ናችሁ።

ኮደሩ
ስለ ማጥፋቱ ልመልስ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ያጠፋሽው ቻት በ30 ቀን ውስጥ ከሲስተማችን ይወጣል ይላል፣ በሕግ ወይም በደህንነት ምክንያት ካልተያዘ በቀር። ይቺን «በቀር» ቀላል አድርገሽ እንዳታያት። እ.ኤ.አ. በ2025 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ኦፕንኤአይን በመክሰሱ ምክንያት የአሜሪካ ፍርድ ቤት ተጠቃሚዎች ያጠፉትንም ጭምር አቆዩ ብሎ ነበር፣ ትእዛዙ ለወራት ቆይቶ ነው የተነሳው። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኮንትሮልስ ግቢና ቻትሽ ለሞዴሉ ማሠልጠኛ እንዳይውል ዝጊው፤ የሚሠራው ግን ከዚያ ወዲያ ለምትጽፊው ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ዘግተሽውም ቢሆን መልሱ ሥር ያለችውን አውራ ጣት ከነካሽ ያ ቻት በሙሉ ለማሠልጠኛ ሊውል ይችላል።

ተርጓሚዋ
በማርያም! እኔ ጥሩ ሲተረጉምልኝ እንደ ማመስገን እያልኩ ሁልጊዜ ነው የምነካለት 😭

የአራዳ ልጅ
ሃሃሃ ምርቃት መስሎሽ! እኔም ሰነድ እተረጉማለሁ። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ቀበሌውን አውጥቼ ነው የማስገባው። መጀመሪያ «ሀ» እና «ለ» እያልኩ ነበር፣ ውክልና ላይ ማን ለማን እንደወከለ ተምታታበት። አሁን «ወካይ 1»፣ «ተወካይ 1» እላለሁ፣ ትርጉሙ ሲያልቅ ወርድ ላይ ስሙን በእጄ እመልሳለሁ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት እኮ፣ 1321/2016። ደንበኛው ወረቀቱን ላንቺ እንጂ ለአራት ሰው አልሰጠም።

ተርጓሚዋ
እሺ፣ የራሴን ነጻውን ከፍቻለሁ። ከጋራው የኔን አንድ በአንድ እያጠፋሁ ነው፣ ገና ግማሽም አልደረስኩ። የፍቺውን እንዳየሁ ግን ለጓደኛዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እንጃ።