ጥቆማ፦ ለቁርጭምጭሚት ፊውዥን ከመፈረማችን በፊት የት ይታዩ? ምን ይሞከር?

ጥያቄ፦ እናታችን 58 ዓመታቸው ነው፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ከዓመታት በፊት የተሰበረው ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ወጌሻ ጋ ታሽቶ ተጣሞ ገጠመ። አሁን ልም አጥንቱ አልቋል፣ ፊውዥን ይሠራ፣ ማለትም መገጣጠሚያው በብሎን ታስሮ አጥንቶቹ አንድ ላይ ይጣበቁ ተብሏል። ድጋፍ፣ ጫማና ሆስፒታል ጠቁሙን።

የድጋፍ መሣሪያ ባለሙያ፦ መጀመሪያ በድጋፍና በጫማ የ6 ሳምንት ሙከራ ያድርጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው ላስቲክ ካልሲ እብጠት ይቀንሳል እንጂ መገጣጠሚያውን አይዝም፤ ለዚህ ደረጃ ገንዘብ አታውጡበት። በክር የሚታሰረውና በሁለት ጎኑ ጠንካራ ዘንግ ያለው ይሻላል፣ ግን የሚያግደው ወደ ጎን መወላገድን ብቻ ነው። እሳቸውን የሚያሰቃያቸው እግር ወደ ላይና ወደ ታች ሲታጠፍ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋቸው በጀሶ ተለክቶ ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ ከውስጥ እግር ተነስቶ ከጉልበት ሥር የሚደርስ ድጋፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ይሠራል፤ ከክልል ለሚጠይቁ ባሕር ዳርና ደሴም አለ።

ስትረከቡ ሁለት ነገር እዩ። የላይኛው ጠርዝ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ከምትዳሰሰው የአጥንት ጉብታ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ እዚያ ላይ ከተጫነ ነርቭ ይጎዳና እግር ወደ ላይ አልነሳ ይላል። በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ አድርገው ያውልቁት። ቆዳው ላይ የቀረው ቅላት በ30 ደቂቃ ካልጠፋ ይመለስና ይስተካከል።

ጫማው ከድጋፉ እኩል ዋጋ አለው። ጫማ ሰሪው ሶሉን በእጅ የማይታጠፍ አድርጎ፣ ከጣቶች ሥር ትንሽ ወደ ኋላ ጀምሮ ወደ ላይ ያጉብጠው፤ እግሩ ሳይታጠፍ ጫማው ይንከባለላል። የሌላኛውም እግር ጫማ በዚያው ልክ ከፍ ይበል፣ አለዚያ ወገብ ይታመማል።

ይህ ሙከራ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የፊውዥንን ኑሮ አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው። ድጋፉን አስረው ሕመሙ ከቀለላቸውና በደረቅ ቁርጭምጭሚት መኖር ከቻሉ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚያመጣውን አዩት ማለት ነው። ድጋፉ ብቻውን ከበቃቸው ደግሞ ምን ያስቸኩላል?

የአጥንት ሐኪም፦ ራጁ ቆመው የተነሱት ይሁን። ተኝተው ከተነሱ መጣመሙም ክፍተቱም በትክክል አይታይም። ቀጥሎ የማደንዘዣ መርፌ ፈተና ይጠይቁ፦ በምስል እየታየ ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ብቻ ማደንዘዣ ይሰጥና ይራመዱ። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ከጠፋ ምንጩ እሱ ነው። ካልጠፋ ከሥሩ ያለው የተረከዝ መገጣጠሚያ ሊሆን ስለሚችል፣ የላይኛውን አስረው ሕመሙ እንዳለ ይቀራል። ስቴሮይድ መርፌ ከወሰዱ ቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይቆይ፤ ኢንፌክሽን ይጋብዛል።

በመንግሥት በኩል ጥቁር አንበሳ፣ አቤት እና አለርት የአጥንት ሐኪሞች አሏቸው፤ ወረፋውን ታግሣችሁ ጠብቁ። በግል ሆስፒታል የተነገራችሁ ዋጋ ብሎኑን፣ ጀሶውንና የ12 ሳምንት ክትትሉን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሐኪሙን በዓመት ስንት ፊውዥን እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር የለውም። ቀዶ ክፍሉ ሲ-አርም የሚባለው ራጅ ከሌለው ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ብሎኑ የት እንዳረፈ በሥራው መሐል መታየት አለበት።

ሥራው የቀረውን ልም አጥንት ከሥሩ ያለው አጥንት ደም እስኪያወጣ ጠርጎ፣ ብዙ ጊዜ ከ6.5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በሚወፍሩ 2 ወይም 3 ብሎኖች ማጣበቅ ነው። እግሩ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ ይቁም። ጣቶቹ ወደ ታች አዘቅዝቀው ከተሠራ ጉልበት ወደ ኋላ እየተገፋ ይጎዳል።

ትልቁ ችግር አጥንቱ አለመግጠሙ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ታርቫ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ፊውዥንን ከሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ጋር በ303 ታካሚዎች ላይ አነጻጽሮ፣ በአንድ ዓመት ሁለቱም ወገን በደንብ መሻሻሉን፣ በመራመድ ረገድ ግን ጉልህ ልዩነት አለመኖሩን አገኘ። በፊውዥን በኩል ከ100 ሰዎች የ12ቱ ያህል አጥንት አልገጠመም፤ ሕመም ያስከተለው በ7ቱ ገደማ ነው። ሲጋራና ያልተስተካከለ ስኳር ይህን ዕድል ያብሱታል፤ ስለዚህ ስኳራቸው ሳይስተካከል ቀን አትያዙ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ቤቱንም እዩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ያ እግር መሬት አይረግጥም፣ እስከ 12 ሳምንት ደግሞ በጀሶ ወይም በቦት ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ምድር ቤት ያለ ዘመድ ጋ አመቻቹ።

ከገጠመም በኋላ ተረከዝ መሬት ነክቶ ቁጢጥ ማለት አይቻልም፤ መጸዳጃው የመሬት ከሆነ መቀመጫ ይሠራ። ስግደት ለእሳቸው ትልቅ ነገር ከሆነ አሁኑኑ ንገሯቸው፤ ወንበር ይዞ መስገድን መልመድ ሊኖርባቸው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ ጫናውን ስለሚሸከም እሱም ሊያልቅ ይችላል።

ክራንቹ ከብብት 3 ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቱ በእጅ መዳፍ ላይ ይረፍ፤ ብብት ላይ ከተደገፉ ክንድ ይደነዝዛል። ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል። ባቱን ማንም እንዳያሻቸው።