ቻይንኛ ለጀማሪ፦ የመናገር ድፍረት ከየት ይገኛል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን ባለ አንድ ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት የምሠራ ስሆን፣ ቻይንኛን በስልክ መተግበሪያ ብቻዬን መማር ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ፒንዪን (በላቲን ፊደል የተጻፈ ቻይንኛ) አነባለሁ፤ ኤችኤስኬ ለሚባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና አንደኛ ደረጃ የሚያስፈልጉትን ቃላትም አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ቻይናዊው የጥገና ባለሙያ አጠገቤ ሲቆም አፌ ይተሳሰርና እንደ ዲዳ በእጄ ብቻ እያመለከትሁ እቀራለሁ። ቃላት እስካበዛ ድረስ ዝም ማለት ይሻለኛል ወይስ ከአሁኑ መናገር ይኖርብኛል? የሥራ ፈረቃዬ አዲስ አበባ ተመላልሼ እንድማር አይፈቅድልኝም።

ምላሽ 1 (ከደብረ ሲና)

ችግርዎ የቃላት ማነስ አይመስለኝም። በቆየው አሠራር የኤችኤስኬ አንደኛ ደረጃ 150 ቃላትን ይዞ ማዳመጥንና ማንበብን ብቻ የሚፈትን ስለሆነ፣ እርሱን ተከትሎ የተዘጋጀ ሰው አፉን ሳይከፍት ሊያልፍ ይችላል። ንግግር ኤችኤስኬኬ በሚባል ሌላ ፈተና ይመዘናል። የዚህ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ የሚጀምረው 15 ዓረፍተ ነገሮችን ሰምቶ በመድገም መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ነጠላ ቃል መሸምደዱን ለጊዜው ያቁሙና በሥራ ቦታዎ በየዕለቱ የሚያስፈልጉዎትን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይምረጡ፤ የድምፅ ቅጂያቸውን እየሰሙ ከነቃናቸው (የቃሉን ትርጉም ከሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጋር) ይድገሙ፤ የራስዎንም ድምፅ ቀድተው ያነጻጽሩ።

ቃናን ችላ ማለት አይቻልም፤ «ማይ» በሦስተኛው ቃና መግዛት፣ በአራተኛው መሸጥ ነውና። ሦስተኛው ቃና ደግሞ በንግግር መካከል አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቀራል እንጂ፣ ቃሉ ለብቻው ሲነገር እንደሚሰማው ወርዶ አይነሣም። ጥያቄ ሲጠይቁም እንደ አማርኛው የመጨረሻውን ቃል ከፍ አያድርጉ፤ እንደ እኛ «ወይ» የምታገለግል «ማ» የምትባል ቅንጣት መጨረሻ ላይ ትገባለችና እርሷ ትበቃለች።

ምላሽ 2 (ከሸዋ ሮቢት)

በመንገድ ሥራ ላይ በአስተርጓሚነት ያገለገልሁ ነኝ። ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ቢሆንም፣ ስለ ቃና አብዝቶ መጨነቅ ራሱ ጀማሪን ዝም ያሰኛል እላለሁ፤ ሰሚው ቻይናዊ ብልሽቱን ማሽኑ ላይ እያየ ስለሚያዳምጥ፣ ቃናው ቢዛባም ከነገሩ ሁኔታ አብዛኛውን ይረዳዋል። ይልቅስ የሚያስፈራው መናገሩ ሳይሆን የሚመጣው መልስ ነው። ስለዚህ አስቀድመው «ቺንግ ኒን ዛይ ሽዎ ዪ ቢየን» ማለትን ይልመዱ፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ ማለት ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለማመንታት ከወጣችልዎ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። ባለሙያውንም «ሽፉ» ብለው ይጥሩት፤ ባለሙያ ሠራተኛ በአክብሮት የሚጠራበት ነው፤ ፊቱ ሲፈታ ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ጠ፣ ቀ እና ጰ በቻይንኛ የሉም። በፒንዪን ፒ (p)፣ ቲ (t) እና ኬ (k) የተጻፉት ከትንፋሽ ጋር የሚወጡ ሲሆኑ ቢ (b)፣ ዲ (d) እና ጂ (g) ያለ ትንፋሽ ይነገራሉ። ቀጭን ወረቀት ከከንፈርዎ ፊት ይዘው ሲሞክሩ በመጀመሪያዎቹ ወረቀቱ ሊርገበገብ፣ በኋለኞቹ ግን ጸጥ ሊል ይገባል።

ምላሽ 3 (ከደብረ ብርሃን)

በእጅ ማመልከትዎ አያሳፍርዎ። ቻይናውያን ከአንድ እስከ ዐሥር ያለውን ቁጥር በጣት የሚያሳዩበት የራሳቸው ልማድ አላቸው፤ ለምሳሌ ስድስት አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት ብቻ በመዘርጋት ይታያል። አራት «ስ»፣ ዐሥር ደግሞ «ሽ» ስለሚባሉ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ የማሽን ልክ ሲነገርዎ ቁጥሩን በቃል ደግመው በጣትም ያሳዩ፤ ባለሙያው ጭንቅላቱን ነቅንቆ እስኪያረጋግጥልዎ ድረስም ማሽኑን አይንኩ።